ከፍርድ ቤቱ እስከ ጣቢያው

ባለቤቴና እኔ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ በቆሎ መፈልፈል ነበር። እህቱ ከቢላ ከተማ የላከችውን በቆሎ በረንዳ ላይ ዘርግተን፣ እሱ ትራስ ተደግፎ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እንፈለፍላለን። ከእስር ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አንድ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም፤ እጁ ግን ከእኔ ይፈጥናል። አፈልፋፈልሽ እንደ ጎጃሜ ነው እያለ ያሾፍብኛል። የተወለድኩት ከምንኖርበት ከነቀምቴ ብዙም ሳይርቅ ጊዳ አያና ነው፤ ከጎጃም የመጡት ወላጆቼ ናቸው፤ እኔ አገሩን አይቼው አላውቅም። ስንጋባ የጀመረውን ቀልድ እስከዚያ ቀን አልጠገበውም ነበር።

ጎረቤታችን የገባችው ያኔ ነው። ባሏ የቢላ መንገድ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ከአራት ቀን በፊት የማይሆኑ ሰዎች ጭነሃል ብለው ከመናኸሪያ ወስደውታል። ተቀመጪ ብንላትም አልተቀመጠችም። የባሏ ዘመዶች ጃርሳ ማለትም ሽማግሌ ልከው የፖሊስ ጣቢያውን ኃላፊ ሊለምኑ እንደሚፈልጉ ነገረችውና ምን እንደሚሻል ጠየቀችው። በሰፈሩ ስለ ሕግ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር። ዳኛ እስረኛ ይለቀቅ ሲል ትዕዛዙን አዘጋጅቶ፣ ማኅተም መትቶ ወደ ጣቢያ ሲልክ ኖሯል። ያንን ወረቀት ሰዉ መፍቻ ይለዋል።

«ጃርሳ የሚላከው ለበደለ ሰው ነው፤ ባልሽ ማንን በደለ?» አላት። «ሽማግሌ ከላክሽ አጥፍቷል ብለሽ መሰከርሽበት ማለት ነው። ፍርድ ቤት ሂጂ፣ ልጄ። እኔን እዪኝ። ዘገየ እንጂ መፍቻዬ ሠርቷል።»

እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ ዓይኔን ከበቆሎው አላነሳሁም።

መፍቻው አልሠራም ነበር። ይህን በዚያ ግቢ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የታሰረው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ወጣቶቹ ከየቤቱ የሚወሰዱት በማን ትዕዛዝ እንደሆነ ስለጠየቀ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጨዋ ኦሮምኛ ነው የጠየቀው። በሳምንቱ ስልክ ተደወለና ጣቢያ ብቅ በል ተባለ። ወንድሙ ለጊዜው ቢላ ሂድና ተቀመጥ ብሎ ለመነው። የሸሸ ሰው ጥፋተኛ ነው አለና ሸሚዙን ተኩሶ፣ መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ በእግሩ ሄደ። እኔም በሩ ድረስ ሸኘሁት፤ አልከለከልኩትም።

የስኳር ሕመም ነበረበት። መድኃኒቱን በየጠዋቱ ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ይገባለታል፤ አንዳንድ ቀን የሚረከበኝ ሰው የለም ይሉኝና ይዤው እመለሳለሁ። ዳኛዋ አቤቱታችንን ሰምታ እንዲለቀቅ አዘዘች። ከፍርድ ቤቱ እስከ ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። መፍቻውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ተረኛው ወንበር ሰጠኝ፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ደርሶናል፣ አዴ» አለኝ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «ግን ከላይ ቃል እንጠብቃለን።»

ተመልሼ ለዳኛዋ ነገርኳት። ትዕዛዙን ያልፈጸመው ቀርቦ ያስረዳ ብላ ሁለተኛ ጻፈች። ማንም አልቀረበም። በሦስተኛው ቀጠሮ ዓይኔን ማየት አቃታት፤ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየች። ያፈረች ይመስለኛል።

በዚህ አገር ሕግ የለም የሚሉ አሉ። አለ። ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱ በእርሳስ እያሰመረ ያነበበው። ዳኛም አለ፤ ማኅተምም አለ። የሌለው የዚያች የሩብ ሰዓት መንገድ መጨረሻ ነው። ሕጉ እስከ ጣቢያው በር ይመጣል፤ በሩን የሚከፍተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌ እንዳልልክ አስምሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንዳጥበው የሰጠኝ ካልሲ ይሸታል። እግሩ ቆስሏል። ያን ዕለት መሐላዬን አፍርሼ ወንድሙ ጋ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት አራት ሽማግሌዎች የይቅርታ መለመኛ ርጥብ ሳር ይዘው ኃላፊው ቤት በር ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ልጃችን በስብሰባ መካከል አፉን አበላሽቷል፣ አጥፍቷል፣ ሁለተኛ አይለመደውም፣ እኛ ዋስ ነን አሉ። ኃላፊው ሳሩን ተቀበለ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ሻይ ካልጠጣችሁ ብሎ ያዘን። ሦስት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላንቀሳቀሰው በር በዚያው ቀን ከሰዓት ተከፈተ።

ወረቀት አልሰጡትም፤ ውጣ ብቻ ነው ያሉት። መንገድ ላይ መፍቻው የታለ ብሎ ጠየቀኝ። መዝገብ ላይ አስቀሩት አልኩት። አመነኝ። እኔ በሕይወቴ ዋሽቼው አላውቅም ነበርና ለምን አያምነኝም።

በቆሎውን በፈለፈልን በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ሞተ። ቁስሉ ዘግይቶ ነው የመጣው አሉኝ። ለቅሶ ላይ ሰዉ፣ በሕግ አምኖ በሕግ የወጣ ሰው እያለ አነሣው። እኔም ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ግን ምክሩን ይዛ የባሏን ዘመዶች መልሳ፣ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ነበር። ሁለት መፍቻ ተጽፎላታል። ባሏ አልወጣም።

ከለቅሶው ሁለት ወር በኋላ ሁለት ጥናት አድራጊዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ስለ አስተዳደርና ስለ ሕግ የበላይነት ነው የሚጠይቁት፤ በየቤቱ እየገቡ መልሱን በታብሌት ይሞላሉ። እኔ ቤት ሲደርሱ ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። በአካባቢዎ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ምን ያህል ይከበራል፣ ከአንድ እስከ አምስት ይስጡ አለችኝ ታብሌቱን የያዘችው ልጅ።

«አምስት ይበሉ እንጂ፣ አዴ» አለች ጎረቤቴ። «የእርስዎ ወጥቶልዎት የለ? የእኔው መፍቻ ነው ባጃጅ አጥቶ መንገድ ላይ የቀረው።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። እኔ መዋሸት አቃተኝ።

«አንድ» አልኩ። ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «የእኔን ያወጣው ሽማግሌ ነው። የላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ሳያውቅ ሞተ።»

ከዚያ ጎረቤቴ፣ እርስዎ ከማለት ሌላ የማታውቀው፣ «ያን ቀን በቆሎ ስትፈለፍዪ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ተነሥታ ወጣች። ልጅቷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ ወይ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያው ሳምንት የባሏ ዘመዶች የላኳቸው ሽማግሌዎች ኃላፊው ጋ ሄዱ። ኃላፊው ተቀይሯል። አዲሱ ሳሩን አልተቀበለም፤ እስረኛው ከዚህ ተዛውሯል አለ። የት እንደሆነ አልተናገረም። ባለቤቴ ስለ ሽማግሌ መላክ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ትክክል ነበር፤ እሱንም ያስወጡት አጥፍቷል ብለው ነው። ትክክለኛ ምክሩ ሰው ያጠፋው ግን እኔ እውነቱን ስለቀበርኩ ነው። ያን ቀን አፌን ብከፍት እሱ ያፍር ነበር፤ የእሷ ባል ግን ምናልባት ቤቱ ይገባ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሣችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። «መጻፍ ትችያለሽ» አለች፤ ሌላ ነገር አላለችም።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ባሏን ፍለጋ አብረን እንወጣለን። ነቀምቴ ያሉትን ጣቢያዎች ጨርሰናል፤ በሚኒባስ ወደ ሌሎቹ ከተሞች እንሄዳለን። የባሏን ስም ጽፌ ለተረኛው እሰጣለሁ። እዚህ የለም ሲለን ለሚቀጥለው ጣቢያ ስሙን እንደገና በሌላ ወረቀት እጽፋለሁ።