ሐይቅ ልንመርጥ ሄደን

ክሪስታል ከተማ፣ ቅዳሜ ንጋት

ጎህ ሳይቀድ ጋሽ ገመቹ በራችን ላይ ነበሩ። ደወል አልደወሉም፤ መኪናቸውን አስነስተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የዓሣ ዘንጎቹ ከኋላ ወንበር እስከ ፊት መስታወት ድረስ ተጋድመዋል። ባሌ ተሾመ እየሳቀ ወጣ። እኔ ሳንድዊች፣ ብርድ ልብስ፣ የትንኝ መድኃኒት፣ እንዲሁም ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛኝን ፍርሃቴን ይዤ ተከተልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየክረምቱ ቤተሰብ ሰብስቦ ሽርሽር ይወጣል። ዘንድሮ ጋሽ ገመቹ፣ “ፓርክ ውስጥ ሥጋ መጥበስ ሰለቸን፤ ልጆቹን ዓሣ እናስጠምዳቸው፣ እውነተኛ ጫካ ይዩ” አሉ። ሽማግሌያችን ናቸው። ኤርፖርት ሰው ያመላልሳሉ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፎርት ስኔሊንግ ከሚባለው የድሮ ምሽግ ሥር ወንዙ ዳር ዘንግ ይጥላሉ። እሳቸው ካሉ አለቀ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሁለት ሐይቅ አይተን አንዱን እንድንመርጥ ተላክን። በእርግጥ የተላከው ተሾመ ነበር። እኔ ግን ሽንጤን ገትሬ፣ “በዓይኔ ሳላየው ልጄን ውሃ ላይ አላስቀምጥም” አልኩና ገባሁበት።

ውሃ እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። የምጽናናው በአንድ ነገር ነው፤ ባሌ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር ያደገ። ልጃችን ሳሮንም ትምህርት ቤት ዋና ተምራለች፤ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው፣ የሚያስፈራት ነገር እስካሁን አላየሁም። የኋላ ወንበር ላይ ጆሮዋ ውስጥ ሙዚቃ ሰክታ ተኝታለች።

ዱሉዝ፣ ረፋድ

ከዳገቱ ቁልቁል ስንወርድ ያ ትልቅ ሐይቅ ድንገት ተዘረጋ። ወይ ጉድ! ማዶ የለውም። ከሰማዩ ጋር ተገናኝቶ ግራጫ ሆኗል።

“ወደዚህ አይደለም አይደል የምናመጣቸው?” አልኩ።

ጋሽ ገመቹ ሳቁ። “ሂሩቴ፣ ይሄማ የመርከብ ነው። የኛው ትንሽ ነው፣ አይዞሽ።”

ቤንዚን ሞላን፣ ቡና ጠጣን። ከዚያ በኋላ ከተማ የሚባል ነገር እየሳሳ ሄደ። ጥድ፣ ረግረግ፣ እንደገና ጥድ። መንገድ ዳር “አጋዘን ይጠንቀቁ” የሚል ምልክት አለ። እኔ እንደሆንኩ የምጠነቀቀው አጋዘን ብቻ አልነበረም። ሬዲዮው መንጫጫት ጀመረ፤ ጋሽ ገመቹ አጠፉትና መዝሙር አነሱ። ተሾመ ይቀበላቸዋል። መስኮቱ ላይ ያረፈችው እጁ ጭብጥ እንዳለች አይቻለሁ። እንቅልፍ አልጠገበም ብዬ አለፍኩት።

ኢሊ ከተማ አጠገብ፣ ቀትር

የዓሣ ማጥመጃ መብል የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ሻጩ ልጅ ከፍሪጅ አንድ ዕቃ አውጥቶ ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ አልቅት! ጥቁር፣ የሚሳብ፣ ሕይወት ያለው አልቅት። “በኢየሱስ ስም!” ብዬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ሳሮን ግን አንዷን በጣቷ ይዛ ከፊቴ አመጣችልኝ። “ማሚ፣ ዎልአይ ላቭስ ዲስ!”

ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ዓይኑ እንደ ድመት ያበራል፤ ሥጋው ነጭ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ምንም እንከን አይወጣለትም ይላሉ ጋሽ ገመቹ። ፓይክ የሚሉት ሌላው ረጅም ነው፤ ጥርሱ ጣት ይቆርጣል። እነዚህን ሁለቱን ነው ለልጆቻችን የተመኙላቸው።

የመጀመሪያው ሐይቅ ከአስፋልቱ አጠገብ ነው። ማዶው ይታያል። ውሃው ላይ የገባ የእንጨት መረማመጃ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ስልክ ይሠራል። አንድ ነጭ ሽማግሌ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጠምዳሉ። “ትናንሽ ፓይክ ነው ያለው፣ ዎልአይ አትጠብቁ” አሉን። ልቤ እሰይ አለ! እዚሁ ይሁን፣ እዚሁ እንቅር።

ጋሽ ገመቹ ወገባቸውን ይዘው አዩት። “ይሄ ገንዳ ነው። ገንዳ ለማየት ይህን ሁሉ ድራይቭ አላደረግንም። ወደ ትልቁ እንሂድ፣ ምን ትላላችሁ?”

“እርስዎ እንዳሉ ጋሼ” አለ ተሾመ።

እኔም አፌን ከፈትኩ። ይሄ ይሻለናል፣ እባክዎ፣ ልጆች ናቸው ልል። የወጣኝ ግን፣ “እርስዎ እንዳሉ” ነው። ይሉኝታ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም።

ትልቁ ሐይቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ኮረኮንች መንገዱ ሲያልቅ የስልካችን ሲግናልም አለቀ። ሐይቁ ጥቁር ነው። ደሴት በደሴት ነው፣ ድንኳን የሚተከለው ደሴቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ ያለ ጀልባ አይደረስም። ጀልባ የምታከራየው ሴት ነጭ የፀጉር ጉንጉኗን ጀርባዋ ላይ ጥላ፣ ጃኬት አደለችን፤ ያ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን። ከዚያ አንድ በአንድ እያየችን፣ “ሁላችሁም ዋና ትችላላችሁ?” አለች።

“ያ” አለች ሳሮን።

“ኦፍ ኮርስ” አሉ ጋሽ ገመቹ።

“ሹር” አለ ተሾመ።

ሦስቱም አዎ ሲሉ እኔ ብቻዬን አይ ልበል? እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሴትየዋ፣ “በረዶው ከቀለጠ ገና ሳምንታት ነው። እዚህ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው፣ ዋናተኛ እንኳ ቢሆን፣ እጁ ወዲያው ይደነዝዛል” አለችና ሄደች።

የኔንና የሳሮንን ጃኬት እስከ አንገታችን ቆለፍኩ። ጋሽ ገመቹ የሳቸውን አጥፈው ተቀመጡበት፤ “ለወገቤ ጥሩ ነው” ብለው። ተሾመ የሱን ለብሶ ነበር። እሳቸውን አየና ቀስ ብሎ አወለቀው፤ እሱም ተቀመጠበት። ሽማግሌው ሳይለብሱ እሱ ለብሶ ፈሪ ሊባል!

መሐል ስንደርስ ጋሽ ገመቹ ሞተሩን አጥፍተው ዘንግ ጣሉ። ጸጥታው ጆሮ ያማል። ወዲያው ዘንጋቸው ጎበጠ። “ፓይክ! ፓይክ ነው!” ብለው ዘለው ቆሙ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ወረደች፤ ውሃ ጠርዙን አልፎ እግሬ ላይ ፈሰሰ። በረዶ ነው። ዓሣው ክንድ ያክላል፣ ጀልባው ውስጥ ገብቶ ይንፈራገጣል፣ ያን ጥርሱን ያሳየናል። ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ከጎን ይመታን ጀመር። ጋሽ ገመቹ እንደቆሙ የሞተሩን ገመድ ይጎትታሉ፤ ሞተሩ ይስልና ዝም ይላል።

የተሾመን ክንድ ያዝኩ። “ተሼ፣ ብንገለበጥ እኔን ተወኝ። እሷን ብቻ ያዝልኝ።”

ፊቱ አመድ መስሏል።

“ተሾመ!”

“ሂሩት… ዋና አልችልም።”

“የሐዋሳ ልጅ አይደለህ እንዴ!”

“ዳር ነው ያደግሁት” አለ። “ውስጥ አይደለም።”

ወደ ጋሽ ገመቹ ዞርኩ። መጠየቅም አላስፈለገኝ። ገመዱን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። “እኔም አልችልም ልጄ። ሕፃን አዎ ስትል ሰምቼ እኔ አልችልም ልበል?”

ከፊት የተቀመጠችው ሳሮን ሁላችንንም ሰምታለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። “ኢትስ ኦኬይ ማሚ” አለችኝ፣ “አይ ካን ጌት ዩ። ኦል ኦፍ ዩ።”

ያን ጊዜ ነው ነፍሴ የወጣችው። እስከዚያ የፈራሁት ውሃውን ነበር። ከተገለበጥን ልጄ ብቻዋን ብትሆን ትተርፋለች፤ የምትሞተው እኛን ላውጣ ስትል ነው። እኔ እይዛታለሁ፣ አባቷ ይይዛታል፣ ጋሽ ገመቹ ይይዟታል። ልጄን ይዘን የምንሰምጠው እኛው ነን። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

የጮኸችው እሷ ናት። “ኤቭሪባዲ ሲት ዳውን! ጃኬት ልበሱ! ናው!”

ሽማግሌያችን በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታዘው ቁጭ አሉ። ጃኬታቸውን ከሥራቸው አውጥተው ለበሱ፤ ቁልፉን የዘጋሁላቸው እኔ ነኝ። ተሾመም ለበሰ። እሱና ሳሮን ቀዘፉ። አንዲት ደሴት ጥግ፣ ነፋሱ የማይደርስበት ቦታ ተጠግተን ቆየን። ሞተሩም በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ እሺ አለ።

ወደ ቤት፣ አመሻሽ

ማንም አልዘመረም። ዓሣውን ወደ ሐይቁ መልሰነዋል። ዱሉዝ አልፈን ጋሽ ገመቹ፣ “ሂሩቴ፣ ገንዳው ጋ ልታወሪ ነበር አይደል?” አሉኝ።

“ነበር ጋሼ።”

“ታዲያ ምነው?”

“እርስዎን መቃወም አፈርኩ።”

“እኔም ጀልባ አከራይዋ ስትጠይቀን አልችልም ማለት አፈርኩ” አሉ።

ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ጋሽ ገመቹ ማይክ ያዙ። ልጆቹ ከፊት ተሰልፈው ይቁነጠነጣሉ፤ የሐይቁን ስም መስማት ጓጉተዋል።

“ከሐይቁ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ” አሉ። “ዋና የማይችል አዋቂ እጁን ያንሳ።”

አንድም እጅ የለም። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ፈገግ ይላል።

ጋሽ ገመቹ ማይኩን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እንዳነሱት ቆሙ። አጠገቤ ተሾመ አነሳ። እኔም አነሳሁ። ከኋላችን አንዲት እናት፣ ከዚያ ባሏ፣ ከዚያ ዘማሪዎቹ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ።

“እንግዲያው ትንሹ ሐይቅ ነው” አሉ። ማንም አላጉረመረመም።

ልጆቹ ወደ ኋላ ዞረው ያዩናል። ሳሮን ከመካከላቸው መጥታ ጆሮዬ ሥር፣ “ማሚ፣ ሁላችሁም?” አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

“ሁላችንም” አልኳት።