የአራሚው ጣቶች

ክሊኒኩ የስኳር ሕመም ኪኒን ለአሥራ አንድ ዓመት ሰጠው፤ ኪኒኑ በረጅም ጊዜ ከሰውነት ሊያጎድለው የሚችለውን ቢ12 የተባለ ቫይታሚን ግን አንድም ቀን አልለካለትም። እግሩ እንደሚነደው ሰባት ጊዜ፣ ጣቶቹ እንደደነዘዙ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። ዘጠኙም በካርዱ ላይ በሐኪም እጅ ተጽፈዋል፤ ስለዚህ አልሰማንም ማለት አይቻልም።

ሰውየው ኩፍኝ በአራት ዓመቱ ዓይኑን የወሰደበት፣ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በሚያትም ቤት ሃያ ሦስት ዓመት የእርማት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ነው። የብሬል መጽሐፍ እሱ ገጽ በገጽ ዳስሶ ማኅተሙን ካላሳረፈበት ከደጅ አይወጣም ነበር። ባልደረቦቹ «አንዲት ነጥብ ከጎደለች በሕልሙም ትታየዋለች» ይሉታል። ጣቶቹን እንደ ዓይን ብሌን ነበር የሚጠብቃቸው፤ ትኩስ ብርጭቆ አይጨብጥም፣ ቢላ አይነካም፣ መንገድ ሲወጣ ቀኝ እጁን ከጓንት አያወጣም። ሚስቱ ይህን እያየች «እኔ ሰውየውን ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያገባሁት ሌባ ጣቱን ኖሯል» ትላለች። እሱም «ታዲያ ያለ እሱ ቁንጅናሽን ማን ይነግረኝ ነበር?» ብሎ ያስቃታል።

ኪኒኑን በጀመረ በሰባተኛው ዓመት ውስጥ እግሩ ፍም እንደረገጠ ሰው መንደድ ጀመረ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስኳሩ ነው፤ የሚጠበቅ ነው። የነርቭ ቫይታሚን ይውሰዱ» አለው። ቫይታሚኑ የሚሸጠው እዚያው በክሊኒኩ መስኮት ነበር። ሚስቱ ከካርቶኑ ፊት «ለነርቭ ጤና» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አነበበችለት፤ ከጀርባው የተጻፈው ግን ለመነጽሯም የረቀቀ ስለነበር አለፈችው። ዕድሜ ልኩን የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረው ሰው በገዛ ኪሱ ይዞት የሚዞረውን ጽሑፍ ማረም አልቻለም። በብሬል የጻፈለት አልነበረምና።

ድንዛዜው ወደ ጣቱ የመጣው ደጅ ሳያንኳኳ ነው። ስለዚህ ጣቱን ትቶ ማሽኑን ጠረጠረ። የማተሚያው ሠራተኛ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው ነው፤ መዶሻ ይሉታል።

«መዶሻ፣ ይቺ ገጽ ነጥቦቿ ፈዘዋል። መልሳት።»

«ጋሼ፣ ነጥቡን የሚያትመውን ሳህን ትናንት ነው የቀየርኩት።»

«አዲስ ሳህን ሰነፍ እጅ አያቀናም።»

«እሺ፣ እኔ ሰነፍ ልሁን፤ ማሽኑ ምን በደለ?»

«ከአንተ ጋር ውሎ አንተን መሰለ።»

መዶሻ እያጉረመረመ ግፊቱን ጨመረ። በሚቀጥለው ሳምንትም ጨመረ። ሁለት ወር እንዲህ ከሄዱ በኋላ ነጥቡ ወረቀቱን እየበሳ ይወጣ ጀመር፤ ከአንድ ትምህርት ቤትም «የላካችሁልን መጽሐፍ ነው ወይስ ወንፊት?» የሚል ደብዳቤ መጣ። አራሚው ደብዳቤው ሲነበብለት ሳቀ። ከዚያ ያንኑ የተበሳ ገጽ አስመጥቶ ዳሰሰና «ይሄም ፈዟል» አለ።

መዶሻ ማሽኑን አጠፋ። በርጩማ ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ገጹን ወደ ራሱ ወሰደ። ጣቱ በዘይትና በብረት የጠነከረ፣ ብሬል በዓይን እንጂ በመዳሰስ አንብቦ የማያውቅ ጣት ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ነጥቦቹ ከስድስቱ ቦታ የትኞቹ ላይ እንዳሉ እየለየሁ ነው ጋሼ። አንድ… ሁለት… አምስት። ቀጥሎ ያለው አንድና አራት።»

«ዓይንህን ጨፍነሃል?»

«ጨፍኛለሁ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን።»

አራሚው እጁን ዘርግቶ የመዶሻን ሸካራ እጅ ፈለገና ያዘው። «እንግዲያው ግፊቱን ዝቅ አድርገው» አለ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

ይህንንም ወስዶ ለክሊኒኩ ነገረ። እንጀራዬ ጣቴ ነው አላቸው፤ ማንበብ ከቀረብኝ ሁለተኛ መታወሬ ነው አላቸው። መልሱ አልተለወጠም፤ ስኳሩ ነው፣ ቫይታሚኑን ቀጥል። በሦስተኛው ወር ተመልሶ ነገራቸው፤ ያንኑ ሰማ። ያኔ ሚስቱ ክንዱን ይዛ ሌላ ሆስፒታል ወሰደችው።

እዚያ ያገኟት ሐኪም ኪኒኑን ስንት ዓመት እንደወሰደ ጠየቀች። ቀጥላም ቫይታሚኑን አስወጥታ በማጉያ መነጽር ጀርባውን አነበበች። ቢ1 አለው፤ ቢ6 አለው፤ ቢ12 ግን የለውም። ደሙ ሲመረመር የቢ12ቱ መጠን ከዝቅተኛው ልክ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

«ኪኒኑን ላቁም?» አላት።

«አያቁሙ፤ ስኳርዎን ደህና አድርጎ ይዞልዎታል። የጎደለውን በመርፌ እንተካለን።»

«ጣቴስ?»

«ልዋሽዎ አልፈልግም። ቶሎ ቢደረስበት ኖሮ ተስፋው ሰፊ ነበር።»

«ምን ያህሉ የስኳሩ ሥራ ነው፣ ምን ያህሉ የጉድለቱ?»

«ያኔ ቢለካ ኖሮ እናውቀው ነበር» አለች።

ይህ መልስ በጥሞና ሊጤን ይገባል። ክሊኒኩ ባለመለካቱ ሰውየው ሕክምናውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ማስረጃውንም አጥቷል። ዛሬ ስንፍናቸውን የሚከስ ሁሉ «በምን ታውቃለህ?» ይባላል፤ የማይታወቀው ግን እነሱ ስላልለኩት ነው።

መርፌው ሠራ፤ እስከሚችለው ድረስ። የእግሩ ቃጠሎ በአምስት ወር ውስጥ በረደ፤ ግድግዳ ሳይደገፍ መራመድም ቻለ። ጣቶቹ ግን መስመር መኖሩን እንጂ ፊደሉን አይለዩም፤ በብርድ ልብስ ሥር ያለ ጠጠር እንደ መዳሰስ ነው ይላል። ማተሚያ ቤቱ ማኅተሙን በክብር ተረክቦ በጡረታ አሰናበተው። ሚስቱ በሃምሳ አራት ዓመቷ ብሬል መማር ጀምራለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እየጎተተች ታነብለታለች፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት መስመር ካለፈች ትልቅ ድል ነው።

«ቆይ፣ ምን አልሽ?»

«‹ቤቱ ተሸጠ።›»

«ቅድም ሰዎቹ እዚያው ቤት ውስጥ ራት እየበሉ አልነበር? ነጥብ ዋጥሽ።»

«አንተን ከማዳምጥ ነጥብ ብውጥ ይሻለኛል» ትለዋለች፤ ተመልሳም ትዳስሳለች። ‹ቤቱ ተጠረገ› ኖሯል። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይጠብቃታል። አያቻኩላትም።

ለክሊኒኩ ቀን በቀን የተዘረዘረ አቤቱታ አስጽፎ አስገብቷል። በአምስተኛው ወር «ጉዳይዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ወር አልፏል፤ የጠራውም፣ የጠየቀውም የለም። የክሊኒኩ የስኳር ሕሙማን መከታተያ ቅጽ ዛሬም የክብደት፣ የደም ግፊትና የስኳር ቦታ አለው፤ የቢ12 የለውም። ያው ቫይታሚን በዚያው መስኮት ይሸጣል። ሰውየው አያነብም።