በወለድ አገድ የተያዘው ቤታችን

ትናንት ከሰዓት አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኳ። የጫማውን ጭቃ ለማራገፍ ጎንበስ ሲል፣ ገና ከማጅራቱ የማን ልጅ እንደሆነ አወቅሁ። የአያ ጀንበሬ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ዕዳ አለብኝ፤ ሰዎቹም ፋታ አልሰጡኝም። ቤቴን በወለድ አገድ ልስጥዎትና ብር ያበድሩኝ» አለኝ።

ነገ ና ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወለድ አገድ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተበዳሪው ወለድ አይከፍልም፣ አበዳሪውም ኪራይ አይከፍልም፤ ብሩ እስኪመለስ ቤቱን ይዞ ይቀመጥበታል። እናቴ አባቴን ለማሳከም ከአራዳ ወደ ወለቃ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያለውን ቤታችንን እንዲህ አድርጋ ለአያ ጀንበሬ ሰጠችው። የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፣ ባዳ አይደለም። ሙሉው ብር ከመስቀል በፊት ካልቀረበ ሌላ ዓመት ይቀጥላል የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ያስገባው ግን እሱ ነው። አባቴ አልዳነም። እኛም ጓሮ ወዳለችው ማድ ቤት ገባን።

የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈስስ ነበር። እናቴ አስም ነበረባትና ክረምቱን ስትስል ታነጋለች። ከትልቁ ቤት የቁሌት ሽታ ይመጣል፤ አያ ጀንበሬ በአባቴ ወንበር ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል። እናቴ በገዛ በሯ ስታልፍ እንደ ተከራይ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳ ነበር። ያን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አራዳ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ስለነበር እቁብ ገባሁ። ምሳዬ ቆሎ ነበር፤ መስከረም ሲሆን ደግሞ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ። ጓደኞቼ ጫማ ሲለዋውጡ እኔ ብርና ቂም እኩል አጠራቅም ነበር።

እቁቡ የደረሰኝ ዓመት፣ በነሐሴ ብሩን ይዤ ሄድኩ።

«ፍልሰታ ነው ልጄ፤ በጾም ገንዘብ አልነካም» አለኝ።

ጾሙ እንደተፈታ እህል ልሸምት ብሎ ኮላ ድባ ወረደ። ሚስቱም እሱ በሌለበት አልቀበልም አለች። ብቅ ያለው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ?» አለኝ።

እናቴ ለእግዜር ሰጠችው። እኔ አልሰጠሁትም፤ ለራሴ አስቀረሁት።

በሚቀጥለው ዓመት የጣለው ጉራው ነው። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛ ነበርና በሰፊ ቤት መታየት አምሮት የመስከረሙን ተራ ለምኖ ወሰደ። ማኅበር የሚያወጣ ሰው ደግሞ ከቤቱ አይጠፋም፤ ወገቡን ታጥቆ ያስተናግዳል። ካህኑ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ።

«አያ ጀንበሬ፣ የቤታችንን ገንዘብ ይዤ መጥቻለሁ። መስቀል ሳይደርስ ይቀበሉኝ» አልኩት። አንቱ የምለው ፊት ለፊት ብቻ ነበር።

«በሚካኤል ቀን ልጄ?»

«በሌላ ቀን አይገኙማ።»

ካህኑ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ጀንበሬ፣ ቤቱን ገዛሁት አላልከንም?»

ለካ ለማኅበርተኛው ሁሉ ባለቤት ነኝ እያለ ኖሯል።

«ተቀበልና ቁጠር» አሉት ካህኑ።

ጠላ በነካው እጁ፣ በእንግዶቹ ፊት ቆጠረ። እኔም ቶሎ እንዳይጨርስ ተመኘሁ።

ማታውን ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ ስጡኝ ብሎ እናቴን ለመናት።

«ተይ ልጄ፣ ዘመድ ነው» አለችኝ።

ከመስቀል አንድ ቀን አላሳልፍም አልኩ። ዕቃውን በጋሪ ሲጭን ዶፍ ወረደ፤ ፍራሹ ውኃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው አልነሳ አለ። እኔ በረንዳችን ላይ ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ። እንዲያ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁም። እናቴ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ ማድ ቤት የያዛት ሳል ግን እስክትሞት አልለቀቃትም።

ልጁ አሁን ደጅ ቆሟል። ብሩ አለኝ፣ ባንክ ተቀምጧል። አልሰጠውም። ልጁ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል።

ምንም። እናቴም ምንም አላጠፋችም ነበር።