ጨርቁ የደረቀ ዕለት

ቄስ ተክለጻድቅን የልደታ ሰው የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነበር። ሲቀድሱ ከቅጥሩ ውጭ ያለችው ጎመን ሻጭ ሳትቀር ሥራዋን ትታ ታዳምጥ ነበር። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ስድስት ወር ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጥዱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሌላ ሰው ቅዳሴ ሲሰሙ የከረሙት።

ነገሩ የጀመረው በጠጠር ነው። ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር በቅሎ ዓመታት ሲያሰቃያቸው ኖሮ፣ ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ሐኪም ቤት ገብተው ከእምብርታቸው በታች ኦፕራሲዮን ተደረጉ። የወጣው ጠጠር የርግብ እንቁላል ያክላል። ጣልያኑ ሐኪም መዳፉ ላይ አገላብጦ አሳያቸው፤ አስተርጓሚው ኢዶሳም የተባለውን አንድ በአንድ ነገራቸው። «አባቴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ ይጠጡ ይላል። ቢያቃጥልዎም ይጠጡ። ሽንትዎ ከቀጠነ ወይም እምቢ ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

ቁስሉ ዳነ፤ ሕመሙ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ሲቀመጡ ይወጋቸዋል፣ ሲነሡ ይቆርጣቸዋል፣ ሽንት ሲሉ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባቸዋል። ከሁሉ የከፋው መንጠባጠቡ ነው። ሽንታቸው አልታዘዝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤታቸው የሻረግ አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ፣ አጣጥፋ፣ የሚታጠቁት ጨርቅ አበጀችላቸው። እሳቸው እየለወጡ፣ እሷ እያጠበች ከጓሮ እያሰጣች ከረሙ።

ፈሳሽ ያለበት ሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም። ይህ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ማንም በክፋት አልፈረደባቸውም። እንዲያውም የደብሩ አለቃ ኃይለመለኮት ራሳቸው ከጥዱ ሥር መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና፣ «ሲደርቅልህ ትገባለህ፣ ማን ይከለክልሃል?» አሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው የለኝም፣ ተክለጻድቅ። ገሚሱን ገደሉብኝ፣ ገሚሱ ጫካ ገባ። ምነው ለግንቦት ልደታ እንኳ ብትደርስልኝ።»

ይቺ ቃል ናት ሰውየውን የበላቻቸው። ግንቦት ልደታ፣ ግንቦት ልደታ ሲሉ ሰነበቱ። አውጥተው አውርደው፣ ውኃ ካልጠጡ እንደማይንጠባጠብ ደረሱበት። ሁዳዴም ገባላቸው። እስከ ማታ ውኃ ባፋቸው አይዞርም፤ ማታም ከዋንጫው ቀመስ አድርገው ያስቀምጣሉ። የሐኪሙን ቃል ረስተውት አይደለም። ጾም ነው ይላሉ፤ ከቄስ ጋር ስለ ጾም ማን ይከራከራል? የሻረግ ግን ጨርቁን የምታጥብ እሷ ናት። ርጥበቱ ሲያንስ፣ ቀለሙ ሲጠቁር፣ ሽታው ሲከፋ ታያለች።

ፋሲካ ሲውል ደስ አላት። ገና በጠዋቱ በቅል ውኃ ይዛ ቀረበች።

«እንግዲህ ጾሙ አልቋል፤ ይጠጡ።»

«አልጠማኝም።»

«ሐኪሙ ሲጠማዎ አላለም። ይጠጡ ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ቅዳሴ ያውቃል?»

«እኔ ደግሞ የእርስዎን ፊት አውቃለሁ። አፈር መስሏል።»

ቅሉን አጠገባቸው አስቀምጣ ወጣች። ደክሟት ነበር። ይህን ያህል ወር ጨርቅ ማጠብ ያደክማል፤ ከግትር ሰው ጋር ሲሆን ይብሳል።

ሚያዝያ ሲያልቅ ሽንታቸው እንደ ክር ቀጠነ። የግንቦት ልደታ ዋዜማ ጠዋት ጨርቁን ቢፈቱት ደረቅ ነው። ቀትር ላይም ደረቅ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ደረቅ። ቄስ ተክለጻድቅ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ለየሻረግ አሳዩዋት። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም ነበር።

«ይኸው፣ እመቤቴ ማረችኝ።»

የሻረግ ጨርቁን ዳበሰችው። «ዛሬ ሽንትዎን ሸንተዋል?»

«ምን ጠጥቼ እሸናለሁ?»

«ሆድዎስ? ተነፍቷል እኮ።»

«ነፋስ ነው።»

«እምቢ ካለ ይምጡ ተብለዋል። ይነሡ፣ አሁን እንሂድ።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ወገባቸው ይሰነጠቃል፣ ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል። ይህ ምሕረት እንዳልሆነ አላወቁም የሚለኝ ካለ፣ እኔ አላምነውም። አውቀዋል። «የሻረግ፣ ነገን ልግባ። ከቅዳሴ በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂኝ» አሉ። ሄዳ ለአለቃ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ተጸጽታበታለች። ያን ፊት አይቶ የሚናገር አንጀት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይውቀሳት።

በማግስቱ ልብሰ ተክህኖአቸውን ለብሰው ገቡ። የሻረግ በሴቶች በኩል ቆማ ድምፃቸውን ትከተላለች። መጀመሪያ እንደ ጥንቱ ነበር፤ ሰዉ ናፍቆት ኖሮ እንባውን በነጠላው ይጠርጋል። መሃል ላይ ድምፁ ሳሳ። ቁርባን ሲደርስ ከትንፋሽ የማይሻል ሆነ። ግን አልተቋረጠም። ሕዝቡ ተሰናብቶ ሲወጣ ዲያቆናቱ ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧቸው።

ሐኪም ቤት በቃሬዛ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ሲያያቸው ብዙ ተናገረ፤ ይሳደብ ይሁን ይዘን አይታወቅም፣ ኢዶሳ አልተረጎመውም። የሽንታቸው መንገድ በጠባሳ ተደፍኖ ነበር። በአሮጌው ቁስል ላይ እንደገና ቀደደና የላስቲክ ቱቦ አገባላቸው። ነፍሳቸው ስትመለስ ቱቦው መቼ እንደሚወጣ ጠየቁ።

ኢዶሳ ወለሉን ወለሉን እያየ መለሰላቸው። «አባቴ፣ ዕድሜ ልክዎን ነው ይላል። ሽንትዎ መቅጠን እንደ ጀመረ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይከፈት ነበር ይላል።»

ከዚያ ወዲያ መቅደስ አልገቡም። ወደ ጥዱ ሥር፣ ወደዚያው ድንጋይ ተመለሱ። ቱቦው ከጋቢያቸው ሥር ወደ ትንሽ ቅል ይወርዳል፣ የሻረግም በየጊዜው ትደፋላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ውኃ ታመጣላቸዋለች፤ አለቃ ፈቅደውላቸው በጾምም በፍስክም ሳይከራከሩ ይጠጣሉ። አንድ እሑድ ውስጥ ቅዳሴው ሲጀመር ዋንጫውን መለሱላትና፣ «የዚያን ዕለት ስገባ ግን ደረቅ ነበርኩ፤ አይደለም?» አሏት።

«ደረቅ ነበሩ» አለቻቸው።

በሚቀጥለውም እሑድ ያንኑ ጠየቋት። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ ጠየቋት፤ እሷም በየሳምንቱ ያንኑ መለሰችላቸው።