የቆርኪው ቅርጫ መዳቢ

መርሳ ላይ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ሞልቷል፤ የሚመድብ ግን ዛኪር ነው። መቁረጥና መመደብ አንድ የሚመስለው ሰው ቅርጫ ገብቶ አያውቅም። ቢላዋ የያዘ ሁሉ ይቆርጣል። አንዱን በሬ ለስምንት ቤት ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽንጡ ጥቂት፣ ጉበቱ አንድ፣ አጥንቱ ብዙ ነው። ይህን በስምንት የሙዝ ቅጠል ላይ አመጣጥኖ፣ አንድም ሰው ሳያጉረመርም ማስነሣት የዓይንም የህሊናም ሥራ ነው።

ዛኪር የራሱ ደንብ ነበረው። ከእርሱ በቀር የቅርጫው ሰዎች ሁሉ እጣ የሚሆን ነገር ይሰጣሉ፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። የማን እንደሆነ ያላየ ሽማግሌ ከጋቢው ሥር አንድ በአንድ ያወጣል። ቀድሞ የወጣለት ቀድሞ ቅጠሉን ይመርጣል። ዛኪር እጣ አይሰጥም። ሁሉም መርጦ ሲያበቃ የተረፈውን፣ ሰው የናቀውን ቅጠል ይወስዳል። «አበላልጬ ከመደብኩ የምራበው እኔ ነኝ» ይል ነበር። እጣ አውጪው ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ቤቴ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ነው።

ከሥጋ ቤቱ ጎን ደግሞ የግርማ የኳስ ማሳያ ቤት አለ። እዚያ የሚሰበሰቡት ጎልማሶች በየዓመቱ የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ተጫዋቾቹን ይከፋፈላሉ። አንድ ተጫዋች ለሁለት ሰው አይሆንም። በዓመቱ መጨረሻ ድርሻዎቹ ብዙ ጎል ያገቡለት ሰው ያሸንፋል፤ የግርማ ቤት የፊተኛው ወንበርም እስከሚመጣው ዓመት የእርሱ ይሆናል። ችግሩ ክፍፍሉ ነበር። ሁሉም አንዱን አጥቂ «የኔ ነው!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ዓመት አግዳሚው እስኪሰበር ተጋፉና ግርማ ተማሮ ወደ ዛኪር መጣ።

«ዛኪር፣ በሬ ከምትመድብ ሰው ብትመድብልን ምናለ?»

«እኔ ሰው አልበላም» አለ ዛኪር።

ግን እሺ አለ። እሺ ከማለቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በግርማ ቤት ውስጥ ከሰው ኋላ ቆሞ ኳስ አየ። በሚቀጥለው ዓመት የተጫዋቾቹን ስም በለስላሳ ቆርኪ ላይ አጻፈና እንደ ሥጋ መደባቸው። ብዙ ጎል የሚያገባው አጥቂ ሽንጥ ነው፤ እርሱ ያለበት ቅጠል ላይ አጥንት ይበዛል። ሽንጥ የሌለው ቅጠል በመካከለኞች ይካሳል። ማንም አልተጣላም። እኔ ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው፤ የቆርኪዎቹን ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ሲስቁብኝም ሲያርሙኝም ደስ ይለኝ ነበር። በሥጋ ቅርጫ ክርስቲያኑ ከክርስቲያን፣ እስላሙ ከእስላም ነው። በቆርኪው ቅርጫ ግን አብረን ተቀመጥን። ባጃጅ ነጂው ካሳሁን ነሐሴ ላይ ቆርኪውን እያፈሰ «ይኼ ቅርጫ ፍልሰታንም አይሽር!» ይል ነበር። የጉባ ላፍቶ ልጅ ነው፤ ድምፁ ከባጃጁ ይብሳል።

የሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነሐሴ መጣ። ጦርነቱ ከቆቦና ከወልዲያ ያፈናቀለው ሕዝብ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ በዋናው መንገድ ወደ ደሴ ያልፋል። ስልክ ጠፋ። መብራት ጠፋ። ሊጉ ግን ሊጀመር ነው፤ ሰዎቹም ቅርጫው ይደረግ አሉ። አሁን ሳስበው አልፈርድባቸውም፤ ሰው የለመደውን ካደረገ ነገም የሚኖር ይመስለዋል።

ዛኪር እምቢ አለ። «ያላየሁትን በሬ አልመድብም። ክረምት ተጫዋች የሚሸጥበት ጊዜ ነው። አንዱ ታሞ፣ አንዱ ሌላ አገር ሄዶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ዛኪር፣ ኳስ እኮ ነው!» አለው ካሳሁን።

«የሚመደብ ነገር ሁሉ መደብ ነው።»

በማግስቱ ጎረቤት ወዳለችው ግራና ለመሄድ ተነሣ። እዚያ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ አላቸው። ሚስቱ ሁሪያ ነገሩን ስትሰማ በር ላይ ቆመች።

«አገር ሁሉ ወደ ደሴ ይሸሻል፣ የኔ ባል የፈረንጅ ኳስ ሊያጠያይቅ ግራና ይወርዳል! ያ ረቢ፣ አንተ ፍረደኝ! ጋሽ አማን፣ እርስዎም ዝም ይላሉ?»

እኔም ተናገርኩት፤ አልሰማኝም። በእግሩ ሄደ። ማምሻውን ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። የሆነውን በንዴት እየተንተባተበ ነገረን። ወልዴ በደንብ ተቀብለውታል። ሽሮ በእንጀራ አቅርበውለታል፤ ፓፓያ ቆርጠውለታል። ሬዲዮውን ከፍተው የጦርነቱን ዜና አብረው ሰምተዋል። ዜናው አልቆ «አሁን ደግሞ ወደ ስፖርት» ሲል ሽማግሌው ቀጭ! አድርገው ዘጉት።

«አባቴ፣ ትንሽ ይተዉት፤ የመጣሁት ለእርሱ ነው» ብሎ ለመናቸው።

«ጦርነቱ ቆሟል አለ? አላለም። እንግዲህ ምን ቀረን? ድንጋዩ ካለቀ ማን ይተካልኛል? አገር እየነደደ ኳስ ትለኛለህ! ና ይልቅ ፓፓያውን ጨርስ።»

ዛኪር ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ የሰማው «ወደ ስፖርት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አላስቀመጡት። ተሰልችቶ፣ ባለፈው ዓመት ባየው ልክ መደበ። ሽንጡን፣ ታላቁን አጥቂ፣ በአንዱ ቅጠል ላይ አድርጎ አጥንት ከመረበት። በስምንተኛው ቅጠል ላይ ሁለት ቆርኪ ጎደለው። ግርማ ስልክ ሳይጠፋ ያያቸውን የሁለት አዲስ ተጫዋቾች ስም ሰጠው፤ ማንም ሲጫወቱ አላያቸውም። ዛኪር እንደ ጨጓራ ለማሟያ ጣላቸው። እጣ አወጣሁ። መጀመሪያ የወጣው የካሳሁን የባጃጅ ቁልፍ ነው። ዘሎ ሽንጥ ያለበትን ቅጠል አነሣ፤ «ባጃጄ ቢቆምም እኔ አልቆምኩም!» እያለ ጨፈረ። ዛኪር እንደ ሥጋው ደንቡ ሁሉም የናቀውን፣ ሁለቱ አዲሶች ያሉበትን ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ከተማችን ከሰሜን በመጣው ጦር እጅ ገባች።

ስለነዚያ ወራት ብዙ አልጽፍም። የታረደ በሬ አልነበረም፤ ያለውም ተወሰደ። እኛ ግን በየጥላው ተቀምጠን ስለ ኳስ ተከራከርን። ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳሸነፈ አናውቅም፤ ሆኖም ክርክሩ ይጦፋል። ካሳሁን ሽንጡ በየሳምንቱ እንደሚያገባ እርግጠኛ ነበር። «ዛሬ ሁለት አግብቷል፤ በአጥንቴ ይታወቀኛል» ይላል። ዛኪር ብቻ አይስቅም። «መደቡ ትክክል ይሁን አይሁን እንኳ ሳላውቅ ልሙት?» ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ነጻ ወጣ። ስልክ ደግሞ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። የተመለሰ ቀን ሰው ሁሉ ዘመዱን ለማግኘት ስልኩ ላይ ተደፋ፤ የሚለቀስበትም እልል የሚባልበትም ቀን ነበር። የኳሱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግርማ ስልኩን እያየ አነበበልን። ሽንጡ ሊጉ ሳይጀመር ሌላ አገር ተሽጦ ሄዷል፤ አንድም ጎል የለውም። ዛኪር ለማሟያ የጣላቸው ሁለቱ አዲሶች ደግሞ ጎሉን እንደ ማሽላ አጭደውታል። የተናቀው ቅጠል ከሁሉም በልጧል።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ካሳሁን ግን አልሳቀም።

«ግራና ሄደህ ነበር» አለ።

«ሄጄ ነበር፤ አልሰማሁም አልኩህ።»

«ሰምተሃል እንጂ! ሽንጡን ለእኔ፣ ግርማ ስማቸውን የሰጠህን ሁለቱን ለራስህ አቆየህ። ሰው የማያውቃቸውን ማንም እንደማይመርጥ ታውቃለህ።»

ዛኪር ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ አማን፣ ሰው መስማቱን ያስረዳል። አለመስማቱን በምን ያስረዳል?»

በገበያ ቀን ወልዴ ሽንኩርት ይዘው መርሳ መጡ። ካሳሁን እኛን ሁሉ ጠርቶ፣ ዛኪርም ባለበት፣ በሰው መሀል ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ነሐሴ ላይ ይኼ ሰው ቤትዎ መጥቶ ሬዲዮ አሰምተውታል?»

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። ብዙ ሰው ቆሟል። ለእንግዳ ድንጋይ ሰሰትኩ ብሎ በገበያ መሀል የሚናገር የወሎ ሽማግሌ ገና አልተወለደም።

«እንዴታ! እንግዳዬ አይደለም እንዴ? የፈለገውን አሰማሁት። ወልዴ እንግዳ ነሥቶ ያውቃል?»

«ስፖርቱንም?»

«የፈለገውን አልኩህ እኮ!»

የዛኪር ፊት እንደ ጉበት ጠቆረ። እኔ ልናገር ስል እጄን ያዘኝ። «ይተዉት። እንጀራቸውን በልቻለሁ። በገበያ መሀል ውሸታም ልበላቸው?» አለኝ በሹክሹክታ። ያን ቀን በእርሱም፣ በወልዴም፣ በደንባችንም ተናድጄ ቤቴ ገባሁ።

ወሬው ከኳስ ቤት ወጥቶ ወደ ሥጋው ገባ። ለዒድ በሬ የገዙ ጎረቤቶች መጥተው «ዛኪር፣ ቁረጥልን፤ መደቡን እኛው እናደርገዋለን» አሉት። በሥጋ አንድም ሰው አጥፍቷል ያለው የለም። ቆረጠላቸው። የመደቡትን ግን ዞር ብሎ አላየም፤ ቢያይ እጁ እንደማያርፍ ያውቃል። ሊጉ ሲያልቅም የግርማ ቤት የፊተኛው ወንበር ባዶውን ቀረ። በደንቡ የዛኪር ነው፤ ማንም ና ተቀመጥ አላለውም፤ እርሱም አልጠየቀም።

ነሐሴ ዞሮ መጣ። ከቆቦ በኩል ደግሞ ክፉ ወሬ ይሰማል። የቆርኪው ቅርጫ ቀን ካሳሁን መዳቢ ሆነ። ስልክ አለ፤ ሁሉን ያውቃል። ሰባት ቅጠል አንጥፎ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው ቆርኪ ይጥላል። በአንዱ ቅጠል ላይ ሁለት ሽንጥ፣ በሌላው አጥንት ብቻ። ግርማ «ይኼ ምንድነው?» ሲለው «ስልኩ ያለው ነው» ይላል። እጣ ሲሰበሰብ የካሳሁን የባጃጅ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር ጋቢዬ ሥር ገባ።

«መዳቢ እጣ አይሰጥም» አልኩት።

«ጋሽ አማን፣ የመጨረሻውን የወሰደ ሰው ምን እንደሚባል አላዩም? እኔስ ስሜን እወዳለሁ።»

ይህን ሲል ዛኪር ከነሽርጡ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በሥጋ ቤቱና በግርማ ቤት መሀል ባለው የቆርቆሮ ግድግዳ ሁሉ ነገር ይሰማል። ገብቶ ቁልፉን ከጋቢዬ ሥር አወጣና ለካሳሁን ወረወረለት።

«ስምንተኛ ቅጠል አምጡ!»

ማንም አልከለከለው። ግርማ ቅጠል አመጣ። ዛኪር ተንበርክኮ ሁሉንም ቆርኪ አንድ ላይ ደባለቀና እየተቆጣ ይመድብ ጀመር። «ሁለት ሽንጥ በአንድ ቅጠል! የትኛው በሬ ነው እንዲህ የሚታረደው? ይኼ ማነው? ግርማ፣ ይኼ ባለፈው ዓመት ስንት አገባ? ይኼስ አልታመመም? ንገረኝ እንጂ፣ አሁን ስልክ አለህ አይደል!» ግርማ ያነባል፤ እርሱ ያነሣል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሣል። እጁ ሥራውን ካገኘ በኋላ ቁጣው እየበረደ ሲሄድ አየሁ። ስምንቱ ቅጠል ተስተካከለ።

ካሳሁን ቆሞ ያያል። «ዘንድሮም ለአንተው ከወጣስ?»

«ለእኔ ከወጣ ሌባ በለኝ። ለምደኸዋል። መደብ ተበላሽቶ ግን አጠገቤ አይነሣም።»

እጣ አወጣሁ። ካሳሁን ሁለተኛ ወጣለት። ከቅጠል ቅጠል እየዞረ ብዙ አመነታ፤ አንዱን ካነሣ በኋላም ዓይኑ ከቀሩት ላይ አልተነቀለም። ሁሉም መርጦ አንድ ቅጠል ቀረ። ዛኪር የትኛው መደብ እንደቀረለት እንኳ ሳያይ ጠቅልሎ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተውና፣ በባዶው የፊት ወንበር አጠገብ አልፎ ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለሰ።