ልጁ «እርስዎ» ያለችው ጎሚስታ

ጎሚስታው ጠዋት እጁን በሳሙና ፈግፍጎ ቢያጥብም የጎማው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር አልወጣ አለ። ትከሻው ላይ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ አንግቷል። ቀዳዳውን ራሱ ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ አለመውጣቱን አይቶ ነው ያመጣው። ልጁ ሐይቁ ላይ እንድትንሳፈፍበት ነው። ሌላ የሚሰጣት ነገር አልታየውም።

ልጅቱ የአብራኩ ክፋይ ናት። ገና ዳዴ ስትል «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሩቅ አገር የመንገድ ሥራ ሄደ፤ ትንሹ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሲመለስ እናትየዋ መምህር አግብታ፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታ አገኛቸው። እናትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ «እሑድ ለዋና እንሄዳለንና አብረኸን ና፣ ትልመድህ» ያለችው እሷው ናት። አባቷ መሆኑንም ለልጅቱ ነግራታለች። ልጅቱ ሰምታ «እሺ» አለችና የቤት ሥራዋን ቀጠለች።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው የጫካ ቀጭን መንገድ መምህሩ ከፊት፣ እናትና ልጅ መሃል፣ ጎሚስታው ከነጎማው ከኋላ ሆኑ። ካላማዳሪያው በየቁጥቋጦው እየተያዘ መከራውን አሳየው። በምስማርና በእሾህ ቸርነት የኖረ ሰው፣ ዛሬ እሾህ ባየ ቁጥር ልቡ ስንጥቅ ይላል።

ልጅቱ ዞር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ከበደዎት?»

«ኧረ አልከበደኝም የኔ ቆንጆ። ደግሞ አንተ በዪኝ እንጂ፤ እርስዎ ምን ያደርጋል?»

«ትልቅ ሰው አንተ አይባልም።»

«መምህሩንስ አንተ ትዪው የለ?»

ጥያቄው ግራ ገባት። «እሱማ አባዬ ነው» አለች።

ጎሚስታው ጎማውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ለባለሱቁና ለሐኪሙ የምትሰጠውን አክብሮት ለወላጅ አባቷም ሳትሰስት ሰጠችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚህ ጉዞ አንዲት «አንተ» ይዞ ቢመለስ ሌላ አይፈልግም፤ ብቻዋን ትበቃዋለች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ እናትየዋ ጥላ ሥር ልብስ አነጠፈች። መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር በዝግታ ይፈታ ጀመር፤ የማይቸኩል ሰው ነው። ልጅቱ ካላማዳሪያው ላይ ወጥታ እየቀዘፈች ራቅ አለች። ጎሚስታው ልብሱን እንደለበሰ ውሃው ዳር ቆሞ ዐይኑን ከእሷ አልነቀለም። ስትስቅ አብሮ ሳቀ። ያለ እሱ ያደገ ሳቅ ነው።

«አባዬ! ቶሎ ና!»

ና አለችው። ይምጡ አይደለም፤ ና። ደግሞ ከጎማው ላይ የለችም፤ ጭንቅላቷ ብቻ ነው የሚታየው። ጎሚስታው ከነጫማው፣ ከነሱሪው ዘሎ ገባ። ዋና የሚሉት ነገር አይሆንለትም፤ ውሃውን እየቦጫጨቀ፣ ጭቃው እግሩን እየያዘው፣ «መጣሁ፣ መጣሁ ልጄ» እያለ እስከ ደረቱ ጠለቀ። በዚያች ቅጽበት የጠፋው ዘመን ሁሉ የተመለሰለት መሰለው።

ልጅቱ አልሰጠመችም። ጎማውን ለቃ ራሷን ችላ ትዋኛለች። በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ዳር ትመለከት ነበር።

«እርስዎን አይደለም» አለችው። አሳዘናት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ፣ ጋሼ። አባዬ እንዲያየኝ ብዬ ነው። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

ካላማዳሪያው ባዶውን ወደ ሐይቁ መሃል እየሄደ ነው፤ የሚያስታውሰው የለም። ከኋላው መምህሩ «አየሁሽ፣ ጎበዝ፣ ልምጣልሽ» እያለ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ምንም አይደል» አለ ጎሚስታው፤ ሁለቱ መሃል ነበርና፣ መምህሩ እንዲያልፍ ገለል አለለት።