ፊቱን በፎጣ የሸፈነው ሰው

ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ የወሰደኝ ሰው፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ፣ ነበር። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሷል፤ ኮንጎ ጫማው በሽቦ ተሰፍቷል። በዚያ በሚያነድ ሙቀት ፊቱን እስከ ዓይኑ በፎጣ ጠምጥሞ የወንዙን ዳር ይዞ ይመራኛል፤ የሽመል ቀርከሃው ቅርንጫፍ እንዳይመታኝ እየያዘ ያሳልፈኛል።

ሌሎች ሳሉጎች እያዜሙ ከፊታችን ሲመጡ ግን ዘወር ብሎ ጎንበስ አለ፤ ጫማውን የሚያስር መሰለ። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ፎጣውን ፈታ። መልከ መልካም ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ጠባሳ እንኳ የለም። ሲታጠብ፣

“ወንድሜ፣ ስምህን እኮ አልነገርከኝም” አልኩት።

“ስሜማ ፍትሐት ተደርጎበታል።”

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሱዳን ተሻግሮ ሲሠራ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቶ ኖሯል፤ ቤተሰቡም ሞቷል ተብሎ ተረዳ። እንደምንም አገሩ ሲገባ ደጃፋቸው ላይ የተዝካር ዳስ ተጥሎ አገኘ። የማን ነው ብሎ ደጅ የተቀመጡትን ነዳያን ቢጠይቅ የራሱን ስም ነገሩት።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ፎጣዬን ተከናንቤ ከነዳያኑ መሀል ተቀመጥሁ። እናቴ ‘ለልጄ ነፍስ ይማር በሉልኝ’ እያለች እንጀራ ይዛ ዞረች። ለእኔም ሰጠችኝ።”

የፏፏቴው ጩኸት እንኳ የራቀኝ መሰለኝ።

“ታዲያ ምነው ‘አለሁ’ አላልካት?”

እርጥቡን ፎጣ ጨምቆ መልሶ ፊቱ ላይ ጠመጠመው።

“ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ? አፈርሁ። ‘ነፍስ ይማር’ ብዬ በላሁ።”